ፎቶግራፍ አደራ ነው
ከመቅደላ እስከ ሰባራ ድልድይ

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት የገባ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ዐይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል። በዚያም በአንድ ትልቅ መስተዋት ውስጥ ብዙ ፎቶግራፍ ተደርድሮ ያያል። በመካከሉ አያት፥ በግራና በቀኝ ልጆች፥ ከታች ጥግ ጥጉን ደግሞ ከተማ የገቡ የልጅ ልጆች ጉርድ ፎቶግራፍ ይገኛል። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የቤቱ ባለቤት በጣቱ እያመለከተ «ይኸ አባቴ ነው፤ ይኸ በጦርነት የቀረው ወንድሜ ነው፤ ይኽች አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት» እያለ የቤቱን ታሪክ ለእንግዳው ይነግረዋል። እንግዲህ መጽሐፍ በሌለበት ቤት ያ መስተዋት የቤተ ሰቡ ታሪከ ነገሥት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት በማድረግ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ፎቶግራፍ ማኅበራችን አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ጠየቁን። እኛም በነገሩ ስናስብበት የማኅበሩን ሥራና ውድድር ብቻ መዘርዘር በቂ ሆኖ አልታየንም። ጥበቡ ከየት መጣ? ወደ አገራችንስ በማን እጅ ገባ? በእኛ እጅ ከደረሰ በኋላስ ምን ልናደርግበት ይገባናል? ይህን ሁሉ መርምረን ያገኘነው ፍሬ ነገር አንድ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት ከሌላ ሰው ፊት አንድ ነገር መውሰድ ነው፤ የተወሰደው ነገር አደራ ነው፤ አደራም ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህን የተማርነው በከፊል ከታሪክ፥ በከፊልም ከራሳችን ስሕተት ነው፤ ስሕተታችንንም በቦታው እንናገራለን። አንባቢ እንዳይሳሳት የአውሮፓ አቈጣጠር በሆነው ዓመት ላይ እ.ኤ.አ. ብለን ጽፈናል፤ ዓ.ም. ያልነው ግን የራሳችን አቈጣጠር ነው።

የጥበቡ አመጣጥ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል በገባ ጊዜ በውጭ ያለው ነገር በግድግዳው ላይ ተገልብጦ እንደሚታይ ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁ ነበር። ኢብን አል ሀይሠም የተባለው ታላቅ ሊቅ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ይህን ነገር መርምሮ ጽፏል። እኛም በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ሞከርነው። በጣሳው ቂጥ በመርፌ አንድ ቀዳዳ በስተን፥ በአፉ ላይ ዘይት የነካው ወረቀት ወጥረን፥ በጋቢ ተሸፋፍነን ብንመለከት የትምህርት ቤታችን የሰንደቅ ዓላማ እንጨት ተዘቅዝቆ ታየን። ከዘጠነኛ ክፍል የመጡት ልጆች ለማየት ተራ እስኪያጡ ድረስ ተሻሙበት።

ምስሉን ማየት እንዲህ ቀላል ከሆነ፥ ችግሩ ይዞ ማስቀረቱ ነበር። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ በ1826 ወይም በ1827 እ.ኤ.አ. ከቤቱ መስኮት የሚታየውን ጣራና ግቢ በብረት ሰሌዳ ላይ ለማስቀረት ቻለ። ባልንጀራው ሉዊ ዳጌር ሥራውን አሻሽሎ ቀጠለበት፤ ጥበቡም በነሐሴ ወር 1839 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለዓለም ሁሉ ይፋ ሆነ። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከአንድ ኔጌቲቭ ብዙ ቅጂ የሚታተምበትን ዘዴ አወጣ። በ1851 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር መስተዋትን ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ቀብቶ ሳይደርቅ ፎቶግራፍ የማንሣትን ዘዴ አስተማረ። በዚህ ዘዴ የሚሠራ ሰው ሣጥኑን፥ መስተዋቱን፥ መድኃኒቱንና ጨለማ ድንኳኑን ሁሉ ይዞ መጓዝ ነበረበት፤ ሰሌዳው ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና።

እንደ እኛ ያለው ማኅበርም መነሻው ከዚህ ዘመን ነው። በ1853 እ.ኤ.አ. በሎንዶን የፎቶግራፍ ማኅበር ተቋቋመ፤ አባሎቹም ሥራቸውን በየጊዜው እያቀረቡ ያሳዩ፥ ይተራረሙም ነበር። በ1888 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ አወጣ፤ ዋጋው 25 ዶላር ሲሆን 100 ፎቶግራፍ የሚያነሣ ፊልም ተጐርሶበት ይሸጥ ነበር። ፊልሙ ያለቀበት ሰው ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ፋብሪካውም ፊልሙን አጥቦ፥ አትሞ፥ አዲስ አጕርሶ ይመልስለታል። በ1900 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ወጣ፤ ልጆችም ሳይቀሩ ፎቶ አንሺዎች ሆኑ። አማተር የሚባለው ቃል ወዳጅ ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ ነው። ስለዚህ አማተር ማለት ሥራውን የማያውቅ ማለት ሳይሆን ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚሠራ ማለት ነው።

ካሜራ ወደ አገራችን ሲገባ

ካሜራ ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ስተርን የተባለው የሚስዮን ሰባኪ ነበር፤ የመጣውም በ1852 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርንበት ጊዜ የዚህን ሰው ስም በሰባኪነቱ ብቻ ሰምተን ነበር፤ ከመጽሐፉ ጋር ካሜራም ይዞ እንደ መጣ ኋላ ስናነብ እጅግ ተገረምን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተቈጥተውበት አሰሩት፤ የተፈታውም በ1860 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር እስረኞቹን ለማስፈታት ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። እነዚህም መንገዱን፥ ተራራውን፥ አምባውንና ከእስር የተፈቱትን ሰዎች አነሡ፤ የመንገድ ንድፍና ካርታም በፎቶግራፍ እያባዙ ለጦር አለቆች ያድሉ ነበር። ስለዚህ ካሜራ በአገራችን ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ ጐልቶ የታየው እንደ ጦር መሣሪያ ሆኖ ነው ለማለት ይቻላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን እጄን አልሰጥም ብለው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። የእሳቸው ነው ተብሎ የተረጋገጠ ፎቶግራፍ የለም፤ በየመጽሐፉና በየግድግዳው የምናየው መልካቸው በሠዓሊ እጅ የተሣለ ነው። አምባቸው በፎቶግራፍ ቀረ፤ ፊታቸው ግን አልቀረም።

የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ነገር ግን ተቃራኒ ሆነ። ልዑሉ በዚያ ጊዜ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ እሱንም በአገራችን ሰዎች ዘንድ ባሻ ፈለቀ የሚባለው ካፒቴን ስፒዲ ይዞት ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በዚያም በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. በዋይት ደሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እመቤት ፎቶግራፍ አነሣችው።

ይህች ሴት የእኛው ወገን፥ ማለትም አማተር ነበረች። ካሜራ የጀመረችው በ48 ዓመቷ፥ ልጇና አማችዋ በስጦታ ቢሰጧት ነው። በሎንዶን የፎቶግራፍ ማኅበር አባል ሆና ሥራዋን ስታቀርብ አንዳንድ ዳኞች ምስሉ ጥርት ያለ አይደለም እያሉ ይነቅፏት ነበር። እሷ ግን ከመልኩ ጥራት ይልቅ የሰውን ልብ በፊቱ ላይ ለማሳየት ትጥር ነበር፤ ዛሬም ስሟ ከታላላቆቹ ፎቶ አንሺዎች ጋር ይጠራል። ለማኅበራችን አባሎች ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። የአንድ ቀን ዳኛ የነቀፈው ሥራ ሁሉ የወደቀ አይደለም።

ይሁን እንጂ የልዑሉን ፎቶግራፍ ባየን ቍጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብናል። ያ ሕፃን አባቱንም እናቱንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አጥቶ፥ ቋንቋውን ከማያውቁ ሰዎች መካከል ገብቶ፥ በካሜራ ፊት ተቀመጠ። ልነሣ ወይስ አልነሣ ብሎ ለመምረጥ የሚችል አልነበረም። ልዑል ዓለማየሁ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ በእንግሊዝ አገር ዐረፈ፤ በዊንዘር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ይህን የምንጽፈው እኛም ዕድሜያችን 18 ስለ ሆነ ነገሩ እንደ ሩቅ ታሪክ ሆኖ አይታየንም። ለወይዘሮ ካሜሮን በእውነት እንፍረድላት ካልን፥ እሷ ባታነሣው ኖሮ ዛሬ የልጅነት ፊቱን እንዲህ አናውቀውም ነበር። ነገር ግን ፎቶግራፉ በእንግሊዝ አገር ሙዚየም ውስጥ ሲቀመጥ፥ የአባቱ አገር ሰዎች ለብዙ ዘመን አላዩትም። አደራው ሳይመለስ ቈየ ማለት ነው።

ከቤተ መንግሥት እስከ ፎቶ ቤት

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ካሜራ ከጦር ሜዳ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ብዙ ፎቶግራፍ አንሥቷል። ከዚያም በኋላ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ በአዲስ አበባ ፎቶ ቤት ከፍቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ ነገሥታቱንና መኳንንቱን ያነሡ ነበር። ስለዚህ ስለ ዘመኑ መልክ፥ አለባበስና ሥርዐት ብዙ የምናውቀው ከእነዚህ ሰዎች ሥራ የተነሣ ነው።

ከዚህም ጋር ፎቶግራፍ ምስክር ብቻ ሳይሆን ሐሰተኛ ምስክርም ሊሆን እንደሚችል አገራችን ቀድማ አይታለች። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩበት ጊዜ፥ በእስላም ልብስ የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ ተሠራጭቶ ነበር ይባላል፤ ይህም ፎቶግራፍ በእጅ የተቀናበረ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ክርክሩን ለታሪክ ሊቃውንት እንተወው። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጥ ነው። አንድ ወረቀት በዙፋን ጕዳይ መነጋገሪያ እስከ መሆን ከደረሰ፥ ፎቶ አንሺ እንደ ምስክር በእውነት መቆም ይገባዋል።

ከከተማው ፎቶ ቤት ቀጥሎ ጥበቡ ወደ ገበያና ወደ ጐዳና ወጣ። ወላጆቻችን እንደሚነግሩን፥ በእነሱ ልጅነት ፎቶ አንሺው የእንጨት ሣጥኑን በሦስት እግር አቁሞ፥ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ከትቶ፥ «እንዳትነቃነቅ» እያለ ያነሣ ነበር። ሰውም የክት ልብሱን ለብሶ፥ ፀጕሩን ቅቤ ተቀብቶ፥ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይቆማል። በመስተዋታችን ውስጥ ያሉት አያቶቻችን የማይሥቁበት ምክንያት ሐዘን ሳይሆን ይህ ነው።

የፎቶግራፍ ታሪክ ራሱ እንዲጠና ካደረጉት ሰዎች መካከል ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ይገኙበታል። በ1955 ዓ.ም. በተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነው ሠርተዋል፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ከዴኒስ ጄራርድ ጋር ሆነው ከመቅደላ ዘመቻ እስከ ጣልያን ወረራ ዋዜማ ድረስ የተነሡትን የአገራችንን ፎቶግራፎች በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አሳትመዋል።

በ1975 እ.ኤ.አ. በኮዳክ ኩባንያ ስቲቭ ሳሶን የተባለው መሐንዲስ ፊልም የሌለውን ዲጂታል ካሜራ ከሠራ ወዲህ ደግሞ ካሜራ ቀስ በቀስ ወደ ስልክ ገባ፤ ዛሬ ብዙ ሰው በኪሱ ይዞት ይዞራል። የአገራችን ልጆችም ካሜራውን በገዛ እጃቸው ይዘውታል። አይዳ ሙሉነህ በ2007 እ.ኤ.አ. በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ በተደረገው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ሽልማት አግኝታለች፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን በየሁለት ዓመቱ እንዲደረግ የታሰበ ዐውደ ርእይ በአዲስ አበባ መሥርታለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፥ ሙሉጌታ አየነ በቦታው ሐዘንተኛ ዘመዶች አፈር በራሳቸው ላይ ሲበትኑ አነሣ፤ ይህም ሥራው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የፕሬስ ፎቶግራፍ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ፎቶግራፍ ከታጩት አንዱ ሆነ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በተባለው መጽሐፍ ከየቤቱ መስተዋትና ከየአልበሙ የተሰበሰቡ የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች ታትመው ወጡ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ሽልማት ከሚሰጥበት ውድድር ያነሰ አይደለም። ድሮ ታሪክ የነገሥታት ፊት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የጠጅ ቤት ባለቤትና የሠርግ ሚዜም በታሪክ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል።

ማኅበራችንና ስሕተታችን

የእኛ ማኅበር ሀብቱ ሁለት አሮጌ ካሜራ፥ የአባሎቹ ስልኮችና ብዙ ድፍረት ነው። በየሳምንቱ ዐርብ ከትምህርት በኋላ እንሰበሰባለን፤ አንዱ ወር ስለ ብርሃን፥ ሌላው ስለ ርቀት፥ ሌላው ስለ ሰው ፊት እንማራለን። በበዓል ቀን ወደ ደብረ ወርቅ፥ ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ መርጡለ ማርያም በመሄድ የጥንት ቅርስ እናያለን፤ ከካህናቱ ፈቃድ ባላገኘንበት ቦታ ካሜራችንን ከቦርሳው አናወጣም።

የመጀመሪያውን ውድድር ያደረግነው በመካከላችን ነበር። አንደኛ የወጣው ፎቶግራፍ ጭነት እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ አንዲት አሮጊት የሚታዩበት ነበር። ብርሃኑ የጧት ነው፤ ላባቸው ያበራል፤ ከኋላቸው ጭጋግ አለ። ዳኞች ሁሉ በአንድ ድምፅ መረጡት። ባልንጀራችን ያነሣቸው ከሩቅ ሆኖ ሳያውቁ ነበር። እኛም «ድኽነት» የሚል አርእስት ጻፍንበትና በወላጆች ቀን በትልቁ አዳራሽ በር ላይ ሰቀልነው።

የወላጆች ቀን በሆነ ጊዜ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከፎቶግራፉ ፊት ቆሞ አየነው። አንዳንድ ልጆች «አያትህ አይደሉም?» እያሉ ይሥቁበት ነበር። ልጁ አንዲት ቃል ሳይመልስ ከግቢው ወጣ። በማግሥቱ አያቱ ራሳቸው እየተመረኰዙ መጡና የማኅበሩ ልጆች የት አሉ ብለው ጠየቁ። ወደ ፎቶግራፉ ወሰድናቸው። ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያም አርእስቱን እንድናነብላቸው አዘዙን። አነበብንላቸው።

«ልጆቼ፥ ድኻ መሆኔን ማን ነገራችሁ?» አሉ። «ይህን ልጅ የማስተምረው በዚህ እንጨት ነው። ስሙን ‹ሥራ› ብትሉት ምን ነበረበት?»

የምንመልሰው አጣን። በመጨረሻ አንዳችን «እማማ፥ በድለናል፤ ይቅር ይበሉን» አልን። እሳቸውም ይቅር አሉን፤ ነገር ግን እንዲሁ አልሄዱም። «እንግዲህ ካነሣችሁኝ አይቀር እንደ ሰው አንሡኝ» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ የልጅ ልጃቸውን ከጐናቸው አቁመው ተነሡ። በከተማው ፎቶ ቤት አሳትመን ወሰድንላቸው። ዛሬ በመስተዋታቸው መካከል የሚታየው ያ ፎቶግራፍ ነው። የውድድሩን አንደኝነት ግን ባልንጀራችን ራሱ «አልቀበልም» ብሎ መለሰ፤ የዚያ ዓመት ሽልማት ለማንም ሳይሰጥ ቀረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማኅበራችን አምስት ደንብ አወጣ። አንደኛ፥ ሰው ሳይፈቅድ አይነሣም። ሁለተኛ፥ አርእስቱ ከመለጠፉ በፊት ለተነሣው ሰው ይነበብለታል። ሦስተኛ፥ አንድ ቅጂ ለተነሣው ሰው ይሰጣል። አራተኛ፥ በፎቶግራፉ ጀርባ ስም፥ ቦታና ቀን ይጻፋል። አምስተኛ፥ በምስሉ ውስጥ የነበረ ነገር አይቀነስም፥ ያልነበረም አይጨመርም። እነዚህ ደንቦች ከባድ ናቸው፤ ብዙ መልካም ፎቶግራፍም አሳጥተውናል። ያሳጡን ግን የእኛ ያልነበረውን ነው።

የሰባራው ድልድይ ፎቶግራፍ

በሚቀጥለው ዓመት ከሞጣ ተማሪዎች ጋር አንድ ላይ ለመወዳደር ተነጋገርን፤ ቢቸናና ሞጣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጐረቤታሞች ናቸውና። ስለ ውድድሩ አርእስት ስንመካከር የሞጣ ልጆች ስለ ሰባራ ድልድይ ነገሩን፤ ታሪኩንም ፈልገን አነበብን።

በሞጣ በኩል ወደ ዐባይ ሲወረድ፥ ጐጃምንና በጌምድርን የሚያገናኝ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ጥንታዊ ድልድይ አለ። የተሠራው በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት ነው። ይህ ድልድይ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሰውና ከብት ሲያሻግር ኖረ። በጣልያን ወረራ ዘመን ግን የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት አርበኞች አንዱን ቅስት አፈረሱት፤ ከዚያም ሰባራ ድልድይ ተባለ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገር ወጣ፤ ድልድዩ ግን እንደ ተሰበረ ቀረ። ለአገር ነጻነት ሲባል የተሰበረው ድልድይ ዋጋውን የከፈለው የአካባቢው ገበሬ ነው። በሁለቱ ወገን ሰዎች ቆመው ገመድ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው በገመዱ ታስሮ ከወንዙ በላይ እየተንጠለጠለ ይሳባል። ወደ ገበያ የሚሄደውም፥ ሕመምተኛውም፥ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሻገረውም እንዲሁ ነበር። ይህ ነገር ከ50 ዓመት በላይ ቈየ።

በታኅሣሥ ወር 2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ዐባይ ሲጽፍ፥ ኔቫዳ ዊየር የተባለች ፎቶ አንሺ ያነሣችውን የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ አሳተመ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ መኪናው እስኪጠገንለት ሲጠብቅ ያንን መጽሔት አንሥቶ ገለጠ፤ በገመድ የሚሳቡትንም ሰዎች አየ። ሰውየው ገጹን ገልጦ አላለፈም። ከወንድሙ ጋር ሆኖ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሥራውም የእኛው ሰባራ ድልድይ ሆነ። ብረቱና ዕቃው በሰው ጫንቃና በአህያ ወደ ቈላው ወረደ፤ በ1994 ዓ.ም. የተሰበረው ቅስት ቦታ በብረት ተሸፈነ፤ ሰውም በእግሩ ተሻገረ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ እንደ ተረት ያምር ነበር። ዐባይ ግን ተረት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንዙ በክረምት ሞልቶ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። ድርጅቱ ተመልሶ በ2009 እ.ኤ.አ. በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠራ። ይኸው ድርጅት ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች በመቶ የሚቈጠሩ የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል። የዚህ ሁሉ ምንጩ ከሞጣ በታች የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ነው።

እኛም ይህን አንብበን ከልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ ጋር አስተያየነው። ሁለቱንም ያነሡት የውጭ አገር ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም በባሕር ማዶ ነበሩ። አንዱ ግን በዚያው ቀረ፤ ሁለተኛው ብረትና ገመድ ሆኖ ወደ ተነሡት ሰዎች ተመለሰ። እንግዲህ አደራ ተመለሰ የሚባለው ይህ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አሳፈረን። ያ ድልድይ ተሰብሮ ሳለ ብዙ የአገራችን ሰው ያየው ነበር፤ ለዓለም ያሳየው ግን እንግዳ ሰው ነው።

የሁለቱ ከተሞች ውድድር

ስለዚህ የውድድሩን አርእስት «መሻገሪያ» አልነው። ዳኞቹ አንድ የሥዕል መምህር፥ አንድ የፎቶ ቤት ባለሙያና አንድ መሪጌታ ነበሩ። መሪጌታው ስለ ካሜራ አላውቅም ብለው እንቢ ቢሉም፥ ሰምና ወርቅ የሚለይ ሰው ፎቶግራፍም መለየት አያቅተውም ብለን ለመንናቸው።

ከቢቸናና ከሞጣ የቀረበው ሥራ ልዩ ልዩ ነበር። አንዱ የእህል ጭነት የያዘች አህያ በጅረት መካከል ቆማ አልሄድም ስትል፥ ሌላው ዐይነ ስውር የቆሎ ተማሪ በባልንጀራው በትር እየተመራ ሲሻገር አቀረበ። አንደኛ የወጣችው ግን አንዲት የሞጣ ተማሪ ናት። ያነሣችው በክረምት የክፍል ጓደኞቿ ደብተራቸውን በአፋቸው ነክሰው፥ ጫማቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፥ በአንድ ቀጭን ግንድ ላይ ወንዝ ሲሻገሩ ነው። ምስሉ ጥቂት ተነቃንቋል፤ መሪጌታው ግን «እጇ የተንቀጠቀጠው ለጓደኞቿ ስለ ፈራች ነው፤ ይህ ጕድለት አይቈጠርባትም» ብለው ፈረዱ። እኛም ወይዘሮ ካሜሮንን አስታወስን።

በደንባችን መሠረት ፎቶግራፉ ለተነሡት ልጆች ሁሉ ተሰጠ፤ ልጆቹም ወደየቤታቸው ወሰዱት። ወላጆቻቸው ልጆቻቸው የሚሻገሩበትን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ቆሞ ሲያዩት እንደ አዲስ ደነገጡ። ከመኸር በኋላ ደቦ ወጥተው ሁለት ወፍራም ግንድ ጐን ለጐን አጋደሙ፤ ለእጅ መያዣም ማገር አሰሩበት። ይህ ድልድይ ሊባል የሚገባው አይደለም፤ ነገር ግን በተከተለው ክረምት ማንም ተማሪ በዚያ ቦታ ጫማውን በውኃ አላስወሰደም።

መደምደሚያ

እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ትምህርት ቤቱን እንሰናበታለን። ካሜራዎቹን፥ ደንቡንና በጀርባቸው ስም የተጻፈባቸውን ፎቶግራፎች ለታናናሾቻችን አስረክበን እንሄዳለን። ታናናሾቻችን ሆይ፥ በወንጌል እንደ ተነገረው አገልጋይ የተሰጣችሁን መክሊት አትቅበሩ። ሥልጡን ካሜራ የለንም ብላችሁ አትዘኑ፤ በወተት ጣሳ የሚጀምር ሰው ብርሃንን ያውቃል። ሽልማትንም መመኘት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ከሽልማቱ በፊት ያነሣችሁትን ሰው ስም እወቁ።

መምህራኖቻችን ስለ ታገሣችሁን፥ ወላጆቻችን ስለ ፈቀዳችሁልን እናመሰግናለን። ወላጆቻችን ሆይ፥ አንድ ልመና አለን። በመስተዋታችሁ ውስጥ ያሉትን ፎቶግራፎች አንድ ቀን አውርዳችሁ፥ ከኋላቸው የማን እንደ ሆኑና መቼ እንደ ተነሡ አስጽፉ። ስንቱ የዚህ አገር አርበኛ ያለ ፎቶግራፍ አልፏል፤ ፎቶግራፍ ያለው ደግሞ ያለ ስም እንዳይቀር። መጻፍ ያልተማራችሁ ቤት ብትኖሩ የማኅበራችን ልጆች እርሳስ ይዘው ይመጣሉ፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይጽፉላችኋል።